በአርማታ ውስጥ የተሰወረ አማና



ውድ ወንድሞችና እህቶች! አርማታ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲሳብ ግን ይሰነጠቃል። መሳብን የመቋቋም ኃይሉ መጨመቅን ከሚቋቋምበት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በሁለት ዓምዶች ላይ ያረፈ ቢም ሸክም ሲበዛበት መሐሉ ወደ ታች ይጎብጣል፤ የሚሳበውም የታችኛው ገጹ ነው። ዋናው ፌሮ ከታች የሚታሰረው ለዚህ ነው። ከግድግዳ ወጥቶ ያለ ዓምድ በተዘረጋ በረንዳ ግን የሚሳበው ላዩ ነውና ፌሮው ከላይ መሆን አለበት። ሠራተኛ ረግጦ ቢያወርደው ብረቱ ሳይጎድል ጥቅሙ ይጠፋል። ፌሮው ከጣውላው ጋር ከተጣበቀም አርማታው ስለማይሸፍነው ዝገት ይበላዋል። ከሥሩ የምትቀመጠው ትንሽ የሲሚንቶ ቁራጭ ይህን ለመከላከል ናት።

አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ይህን ማን ያያል? የቤቱ ባለቤት የሚያየው ልስኑንና ቀለሙን ነው። ሉቅማን ልጁን ሲመክር፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ሥራ በቋጥኝ ውስጥ ብትሆን እንኳ አላህ እንደሚያመጣት ነግሮታል። የደረቀ አርማታስ ከቋጥኝ በምን ይለያል? ከፌሮው አንዱን የቀነሰ፣ ወይም ቦታውን አውቆ ያሳተ፣ የሰው ነፍስ ያረፈበትን አማና አጉድሏል።

ሶላታችን ከመስጊድ ደጃፍ አይቅር፤ እስከ ግንባታው ሥፍራ ይከተለን። ፌሮው ሳይሸፈን ቆም ብሎ መመርመር፣ የተዛባውንም ማቃናት፣ ለአላህ ተብሎ ከተሠራ ዒባዳ ነው።

አላህ አማና ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን!