ተባዩ ወዴት ሄደ?

«አይገድልም፣ ያርቃል እንጂ።» ከዕፅዋት ስለሚቀመሙ የተባይ መከላከያዎች በተወራ ቁጥር ይህች ሙገሳ አትቀርም። ስንሰማት ልባችን ደስ ይለዋል። መግደል ክፉ ነው፣ ማራቅ ግን ጨዋነት ነው ብለን ነው መሰለኝ። ተባዩ ዞር በል ተባለ፣ ዞር አለ፣ እህሉ ተረፈ፣ ማንም አልሞተም። በቃ። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል፤ ዞር ያለው ወዴት ነው?

ከግራዋ እንነሳ። ግራዋን የማያውቅ የአገሬ ሰው ጥቂት ነው። ጠላ የሚጠመቅበት ጋን የሚታጠብበት ቅጠል ነው፤ አጥር ሥር ይበቅላል፤ ምሬቱን ለመግለጽ ደግሞ «እንደ ግራዋ» ከማለት ውጪ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ይህ ምሬት እንዲሁ የመጣ ጣዕም አይደለም። ተክል እግር የለውም፣ ሊበላው ከመጣ ነገር ሸሽቶ አያመልጥም። ስለዚህ መከላከያውን ቅጠሉ ውስጥ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ኬሚስቶች ከግራዋ ቅጠል ቬርኖዳሊን የተባለውን ንጥረ ነገርና ዘመዶቹን ለይተው አውጥተው ነፍሳትን ከመብላት እንደሚከለክሉ ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ንጥረ ነገር ዋና ሥራው መመረዝ አይደለም። ትሉ ቅጠሉን ቀመስ ሲያደርግ አፉ አካባቢ ያሉት የጣዕም ሕዋሳት «ይሄ ምግብ አይደለም» የሚል መልእክት ይልካሉ፤ ትሉም ትቶት ይሄዳል። (በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ደግሞ የታመሙ ቺምፓንዚዎች የግራዋን ግንድ ልጠው መራራውን ውስጡን ሲያኝኩ ታይተዋል። ለአንዱ ክልከላ የሆነው ለሌላው መድኃኒት ነው።)

የዚህ ታሪክ ትልቁ ጀግና ግን ኒም ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሄንሪክ ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ሱዳን ውስጥ የበረሃ አንበጣ አገሩን ሲያራቁት አየ። ቅጠል የሚባል ነገር ሁሉ ተበልቶ አለቀ፤ የኒም ዛፎች ብቻ እንደለመለሙ ቆሙ። በ1968 ከኒም ፍሬ አዛዲራክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ተለየ። መዋቅሩ እጅግ የተወሳሰበ ስለነበር በትክክል የታወቀው በ1985 ነው። ካምብሪጅ ያለው የስቲቨን ሌይ ቡድን ላብራቶሪ ውስጥ ሊሠራው 22 ዓመት ለፍቶ በ2007 ተሳካለት። ለአንዲት ምሬት ይህን ያህል ዕድሜ!

አዛዲራክቲን አንድ ድክመት አለው። ፀሐይ ያፈርሰዋል፤ ማሳ ላይ ተረጭቶ ጥቂት ቀን ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ኬሚስቶችም ገቡበት፤ ሃይድሮጅን ጨምረው ፀሐይን የተሻለ የሚችል ሌላ መልክ አወጡለት። እንግዲህ የተፈጥሮው ምሬት መጥቶ የሚሄድ ነበር፤ የተሻሻለው ግን የሚቆይ ሆነ ማለት ነው።

ሽሙተረርን ያስደነቀው የቆመው ዛፍ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዙሪያው ነው። ያ ሁሉ አንበጣ ኒሙን ቀምሶ ትቶት ሲሄድ ሆዱ ባዶ ነበር፤ የሞላውም ከሌላ ዛፍ ነው። ኒም ራሱን አዳነ እንጂ ጎረቤቱን አላዳነም።

የአባቴ ወገኖች መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ናቸው። የእናቴ እህት ደግሞ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል በሚወርደው ቆላ ይኖራሉ። የሁለቱን አገር ልዩነት ማወቅ የፈለገ ሰው ጎታ ከፍቶ ይይ። መንዝ ብርድ ነው፤ ነቀዝ ደግሞ በብርድ እንደልቡ አይራባም፤ ገብሱና ባቄላው ብዙ ሳይነካ ይከርማል። ቆላ ግን ማሽላ ጎታ ገብቶ ጥቂት ወር ሲቆይ እጃችሁን ብትሰዱ እህል ሳይሆን ዱቄት ነው የምትዘግኑት። ከዚህ ነፃ የሆነው ጤፍ ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ለነቀዝ ቤት አይሆነውም።

አክስቴ (እኔ እትዬ ነው የምላቸው) ማሽላውን ጎታ ከመክተታቸው በፊት የደረቀ የግራዋ ቅጠል ወቅጠው ከአመድ ጋር ያዋህዱበታል። አመዱም ሥራ አለው፤ የነቀዙን ቆዳ የሚሸፍነውን ስስ ሰም እየፋቀ ያደርቀዋል። አንድ ጊዜ ስጠይቃችሁ ያልኳችሁን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ግራዋውን የሸሸው ነቀዝ ወዴት ይሄዳል?»

«እኔ ምን ቸገረኝ ልጄ፣ ብቻ ከቤቴ ይውጣልኝ።»

«ክንፍ እኮ አለው። እማማ ቤት ቢገባስ?»

እማማ የታችኛው ቤት አሮጊት ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። እትዬ ትንሽ ዝም አሉና «ግራዋው እኮ አጥሯ ላይ ነው፤ ትቁረጣ!» አሉ።

ይህችን መልስ ንቄ አላለፍኳትም። እንዲያውም ከብዙ መጽሐፍ በላይ አሳስባኛለች። ማንም ሰው ነቀዝ የመቀለብ ግዴታ የለበትም። እህሌን ጠብቄ ተባዩ ወደ ሌላ ቢሄድ፣ ያ ሌላውም እንደ እኔው መጠበቅ እስከቻለ ድረስ በደል ሠራህ ልባል አይገባም። ግራዋ በነፃ ነው፣ የሁሉም አጥር ላይ ነው፣ አወቃቀጡንም ሁሉም ያውቃል። መከላከያው የጋራ ከሆነ ማራቅ ችግር የለውም፤ የእትዬ ክርክር ይሄ ነው፤ ትልቅ ክርክርም ነው።

ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። አንደኛው እማማ ናቸው፤ ቅጠሉ አጥራቸው ላይ ቢሆንም ክንዳቸው ሙቀጫ አይችልም። ሁለተኛው ያ ሃይድሮጅን የተጨመረበት ጠርሙስ ነው። ምሬት ላብራቶሪ ገብቶ፣ ተጣርቶ፣ እንዲቆይ ተደርጎ ሲወጣ ዋጋ ይለጠፍበታል። በዚህ ጊዜ «አጥሯ ላይ ነው፣ ትቁረጣ» ማለት አይቻልም። የገዛው ማሳ ይመራል፣ ያልገዛው ማሳ ይጣፍጣል። ተባዩም ምርጫ ተሰጥቶታል፤ የሚመርጠው ደሃውን ነው። ስለ ዕፅዋት ኬሚካል ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ዕውቀቱ የማን ነው፣ የባለቤትነት መብቱን ማን ወሰደ በሚለው ላይ ነው። ከኒም ዘይት ስለሚሠራ የፈንገስ መከላከያ የተሰጠው የአውሮፓ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2000 እስኪሰረዝ ድረስ ሕንዶች ታግለዋል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ዕውቀቱ ተሰርቆም ይሁን በስምምነት፣ የተራቀው ተባይ ማን ቤት እንዳደረ የሚጠይቅ ክርክር ያስፈልገናል።

ይሄ ምናባዊ ስጋት የመሰለው ሰው ትንኝን ይመልከት። አጎበር የሚነከርበት ኬሚካል የፓይረትረም አበባ የልጅ ልጅ ነው። አበባው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር እንደ አዛዲራክቲን ሁሉ ፀሐይ አይችልም ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሮተምስተድ ላይ ማይክል ኤልየትና ባልደረቦቹ ፀሐይ የሚችል ፐርሜትሪን የተባለ አምሳያ ሠሩለት። ይሄኛው የተሻሻለው ለመግደል ነው። ታዲያ በምዕራብ ኬንያ ተጠንቶ በ2003 በወጣ ጥናት፣ አጎበር የሌላቸው ሆነው አጎበር ካላቸው ቤቶች እስከ 300 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችም ከወባ የተሻለ ተጠብቀው ተገኙ። ምክንያቱም ትንኟ ሞታለች፤ ወደ ጎረቤት አልሄደችም። በ2013 ታንዛኒያ ውስጥ ትንኝ የሚያርቅ ቅባት ሲጠና ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ጎረቤቶቻቸው ተቀብተው እነሱ ያልተቀቡ ሰዎች ቤት ትንኙ ይበልጥ በዛ። ገዳዩ ጎረቤትን ጠበቀ፣ ለስላሳው ጎረቤት ላይ ላከ።

እዚህ ላይ «እንግዲያው እንግደል» እያልኩ አይደለም። ጎታ ውስጥ የሚጨመረው መርዝ የስንት ሰው ሕይወት እንደቀጠፈ ገጠር ያደገ ያውቀዋል። የምለው፣ ገርነትን ስንመዝን ተባዩ ላይ ብቻ አንመዝነው ነው። ለነቀዙ ገር የሆነ ነገር ለእማማ ጨካኝ ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ለተባዩ ራሱ ገር ነው ወይ? የነፍሳት ተመራማሪዎች እነዚህን ንጥረ ነገሮች የሚፈትኑት በሁለት መንገድ ነው። በአንደኛው ትሉ ፊት መራራና ጣፋጭ ቅጠል ይቀርብለታል፤ በሁለተኛው መራራው ብቻ። ምርጫ ሲኖረው መራራውን ትቶ ይሄዳል። ምርጫ ሲያጣ አንዱ ይራብና ይሞታል፣ ሌላው ጥርሱን ነክሶ ይበላዋል። ስለዚህ «ማራቅ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው የሚሄድበት ሌላ ቦታ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ሁሉም ማሳ ከመረረ ያው ማስራብ ነው። ይባስ ብሎ ትል ይለምዳል። በ1996 የወጣ አንድ ጥናት፣ ንጹሕ አዛዲራክቲን በተደጋጋሚ የቀረበላቸው ትሎች እየለመዱት ሲሄዱ፣ ያንኑ ያህል አዛዲራክቲን ያለበትን ያልተጣራ የኒም ጭማቂ ግን እንዳልለመዱት አሳይቷል። አንዱን ንጥረ ነገር ነጥሎ ማጥራት ለጠርሙሱ ይመቻል፤ ዛፉ ግን የሚናገረው በብዙ ድምፅ ነው፤ ትሉም ሁሉንም ባንዴ መልመድ አቃተው። የእትዬ ሙቀጫ ይህን ሳያውቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ምሥራቅ አማራን ሲመታ ሰው ምን እንዳደረገ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እያፏጨ ከማሳው አስነሳው። ያን ቪዲዮ ሳይ አልቅሻለሁ፤ የዓመት ቀለብ ነዋ። አንበጣውም ተነሳ። ተነስቶም የሚቀጥለው ሰው ማሳ ላይ አረፈ፤ እሱም ጅራፉን አነሳ። የማንም ጥፋት አልነበረም። ጩኸት ከማራቅ በቀር ምንም አይችልም፤ ሌላው በእጃቸው አልነበረም።

መንዞች ክልከላን ያውቃሉ። ጓሳ ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲከፈትም በሥርዓት ነበር የሚታጨደው፤ ቄሮ የሚሉት ይሄንን ነው። ሥርዓቱ ሲወደስ ሰምቼ አልጠግብም፤ በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ብዛት ዛሬም ፍሬው ይታያል። ሆኖም ባለመብቶቹ የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ብቻ ነበሩ። የተባረረው የሌላ ሰው ከብት የሌላ ሰው ግጦሽ ላይ መዋሉ አይቀርም። ክልከላ ሁሉ ይህን ዕዳ ይዞ ይዞራል።

ዕዳውን ከልብ ሲከፍል ያየሁት አንድ አሠራር አለ። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ እነ ዘያኡር ካንና እነ ጆን ፒኬት፣ ከሮተምስተድ ጋር በ1990ዎቹ ያወጡት «ግፋና ሳብ» ልትሉት የምትችሉት ዘዴ ነው፤ እኛም አገር ገብቷል። በቆሎው መሐል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ይዘራል፤ ሽታው የአገዳ ቆርቁርን እናት የእሳት ራት ይገፋታል (አቀንጭራንም ያዳክማል፣ ይሄ ምርቃት ነው)። እዚህ ድረስ ከግራዋ አይለይም። ልዩነቱ ወሰኑ ላይ ነው፤ ማሳው ዙሪያውን የዝሆን ሣር ይተከላል፤ የተገፋችው የእሳት ራት ሣሩ ይስባትና እዚያ ትጥላለች፤ ከሚፈለፈሉት ትሎች አብዛኞቹ ሣሩ ላይ አያድጉም። ሣሩን ለማብቀል ገበሬው ከራሱ መሬት ቆርሶ ይሰጣል። ተባዩ የሚሄድበትን ቦታ ያዘጋጀው ከጎረቤት ላይ አይደለም።

ለጎታ ይህ አይሆንም፤ ጎታ ዙሪያ ሣር አይተከልም። ለጎታ ያለው አማራጭ ለሁለት ቤት የሚበቃ መውቀጥ ነው። ባለፈው ሳምንት እትዬ ጋ ደውዬ ይሄን አልኳቸው፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬም ጠየቅኩ።

ሳቁብኝ። «መጥተሽ ወቅጪያ!»