«ለከርሞ» የምትባለው ልጅ

ልጆቼ፣ የኮልፌ ቀራንዮ ጎረቤቶቼ፣ ጆሮ ስጡኝ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ሳልጠመዝዝ ልናገር። የምመክራችሁ ከገጠር መጥታ በየቤታችሁ ስላለችው፣ ልጆቻችሁን አዝላና አቅፋ ስለምታሳድገው ልጅ ነው።

ጠዋት ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ የትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ ቁሙና ተመልከቱ። አሥራ አንድ ወይ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቦርሳ በትከሻዋ፣ ምሳ ዕቃ በእጇ አድርጋ፣ አንድ ሕፃን እየመራች ትመጣለች። በሩ ላይ አፍንጫውን ትጠርግለታለች፣ የጫማውን ክር ታስርለታለች፣ ቦርሳውን አሸክማው ታስገባዋለች። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልና መዝሙር ሲጀመር በአጥሩ በኩል አጮልቃ ታያለች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ ያልታጠበ ዕቃና ያልተጋገረ ሊጥ ይጠብቃታል። ዕድሜዋ የትምህርት ነው፤ ውሎዋ ግን የጓዳ።

ስለ እንዲህ ዓይነቷ ልጅ ዓለም ብዙ ጊዜ ቃል ገብቷል። ከቃሎቹ አንዱ የተገባው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የጠሩት የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉባኤው እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነፃና በግዴታ እንዲያገኝ ዕቅድ አወጣ። 1972 መጣ፤ ልጁ ሁሉ ግን አልገባም። በ1982 ታይላንድ፣ ጆምቲየን ላይ «ትምህርት ለሁሉም» ተብሎ ቀጠሮው ለ1992 ተያዘ። 1992 ሲደርስ ሴኔጋል፣ ዳካር ላይ ወደ 2007 ተዛወረ። አሁን ደግሞ በዘላቂ ልማት ግቦች መሠረት የምንጠብቀው 2022 ዓ.ም.ን ነው። ዩኔስኮ እንደሚለው ዛሬም በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ ልጆችና ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው።

ይህን ሰምታችሁ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ለማለት አትቸኩሉ። ጥረቱ ፍሬ አፍርቷል። በ1987 ዓ.ም. በሀገራችን የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 3 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ18 ሚሊዮን አለፈ። መንግሥት በጀት መደበ፣ ለጋሾች ረዱ፣ ገበሬው ድንጋይ ተሸክሞና እንጨት አዋጥቶ የመማሪያ ክፍል ሠራ። የኋላ ኋላ ጦርነት መጣና ያንን ልፋት ክፉኛ ጎዳው፤ በትግራይም በአማራም ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስንቱ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ዩኒሴፍ በኢትዮጵያ 9 ሚሊዮን ያህል ልጆች ከትምህርት ውጭ መሆናቸውን ተናግሯል። የተኩስ ድምፅ ለዘጋበት ልጅ እናዝናለን፣ እንጸልያለን።

ኮልፌ ላይ ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ሲያቀርብ ቆይቷል። ጉባኤ ክፍል ያሠራል፣ መጽሐፍ ያሳትማል፣ አስተማሪ ያሠለጥናል። ልጅቷን ከጓዳ አውጥቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ግን የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው። ዓለም ቀጠሮ ሲገፋ እናማዋለን፤ እኛም በየቤታችን «ዘንድሮ ሥራውን ትልመድ፣ ለከርሞ እናስገባታለን» እያልን እንገፋለን። «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።» ለከርሞ ለከርሞ ሲባል የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ አሥራ ስድስት ይሞላታል፤ ያኔ ግቢ ብትሏት እንኳ ከሕፃናት ጋር መቀመጥ ታፍራለች።

የምታቀርቡትን ምክንያት አውቀዋለሁ። «ሥራውን ማን ይሠራዋል?» ትላላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አሠሪ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጥር ይከለክላል። ፋብሪካ የማይቀጥራትን ልጅ ጓዳችን ሊቀጥራት አይገባም። ለከባዱ ሥራ አቅም ያላት ትልቅ ሰው ቅጠሩ፤ ልጅቷ ከትምህርት ስትመለስ እንደ ማንኛውም የቤት ልጅ ታግዛችሁ።

«እሷ የምትፈልገው ለእናቷ የምትልከውን ብር ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እናቷ ተቸግራለች። ነገር ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ የዛሬው ብር የነገዋን ዕድል እንዳያስጥላት። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻለች፣ ነገ ዓረብ ሀገር ልሂድ ብላ የምትፈርመው ውል ምን እንደሚል ካላወቀች፣ እናቷንም ራሷንም አትረዳም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት አባቶች ለወንድ ልጅ ብቻ አላሉትም።

«መሸኛ የላትም፣ የልደት ካርድ የላትም» ትላላችሁ። ወላጆቿ ስልክ አላቸው፤ ደውሉ፣ ከተማረችበት ትምህርት ቤት ወረቀቱን ያስልኩ። ከነጭራሹ ካልተማረች ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ዕድሜዋ ከገፋ የማታ ትምህርት አለ። እናቷ ስትሰጣችሁ «እንደ ልጃችሁ እዩልኝ» ብላ ነው፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አደራ መብላትን እንዴት እንደሚያየው ታውቃላችሁ።

ደግሞም ይህን ለአንድ ቤት ብቻ አልተውም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪውም፣ አስተማሪውም፣ ቀበሌውም ተነሥቶ ነበር። በኩራዝ ብርሃን ያስተማረ ወጣት፣ ስሟን ጽፋ ያለቀሰች እናት በየመንደሩ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ለሀገራችን አስገኘ። የዚያ ዘመን መንግሥት ብዙ የሚወቀስበት አለ፤ በዚህ ግን ሰፈር ተባብሮ ፊደልን ቤት ለቤት ማድረስ እንደሚችል አሳይቷል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።»

ስለዚህ የኮልፌ እድሮች ይህን አጀንዳ ያዙ። ለለቅሶ ድንኳን የምንተክል፣ ለሰርግ ወንበር የምናውስ ሰዎች፣ በአባሎቻችን ቤት ያለች ያልተመዘገበች ልጅ ካለች ማወቅ አያቅተንም። ሊቀመንበሩ ይጠይቅ፣ ጸሐፊው ይመዝግብ፣ ወረቀት የጎደላትን የወረዳ ሰው የሚያውቅ አባል ይዟት ይሂድ። ቦርሳ መግዛት ላቃተው ቤት ደግሞ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው።

ከገባች በኋላም አትዘንጓት። መግባት ብቻውን ትምህርት አይደለም፤ የዓለም ባንክ ጥናት እንዳመለከተው በሀገራችን አሥር ዓመት ከሞላቸው አሥር ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ማታ ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ስጧት። ልጃችሁ የቤት ሥራውን በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው መብራት አጠገብ ትቀመጥ። ፈተና ሲደርስ ከሥራ አሳርፏት። የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ለእሷም ቁጭ በሉላት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የዘንድሮው ምዝገባ ሲከፈት የልጃችሁን ስም በምታስጽፉበት ቀን የእሷንም አስጽፉ። ከ1953 ጀምሮ የተገፋው ቀጠሮ ለእሷ ይብቃ። ፈጣሪ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ እናንተም የሰው ልጅ አሳድጉ።