ፍርድና ማዕድ

«ሰውን ሁሉ በእኩልነት ማየት ይገባል» የሚለውን ቃል በአደባባይ የሚቃወም ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ቃሉን መቀበልና በቃሉ መሥራት አንድ አይደለም፤ ቃሉም ራሱ ሲመረመር ከላይ እንደሚታየው ቀላል ሆኖ አይገኝም። ከተማን የሚያስተዳድር ሹም ቤትን፥ እህልን ወይም ሥራን ለነዋሪዎች በሚያድልበት ጊዜ የተቀባዩን ትውልድና ቋንቋ ጨርሶ አለማወቅ ይገባዋልን? ወይስ በትውልዱ ምክንያት የተጎዳ ወገን መኖሩን አውቆ ለዚያ ወገን ማሰብ ይገባዋል? የፊተኛው አሳብ ፊት አይቶ አለማድላት ነው፤ የኋለኛው የተጎዳን መደገፍ ነው። ሁለቱም መልካም ሲሆኑ አንዳንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከቅርብ ምሳሌ ተነሥቶ መመርመር ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጎፋ፥ ስሙ በደቡብ ኢትዮጵያ ከሚኖረው ከጎፋ ሕዝብ ስም ጋር አንድ ነው። በከተማይቱ እንደ ወሎ ሰፈርና እንደ ዶርዜ ሰፈር ያሉ፥ የአገርና የሕዝብ ስም የያዙ ሰፈሮች ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ ስሞች አዲስ አበባ ከየአውራጃው በመጡ ሰዎች እጅ የተሠራች ለመሆኗ ምስክሮች ናቸው። ዛሬ ግን ሰፈር በስሙ የተጠራበት ሕዝብ ብቻ የሚኖርበት ቦታ አይደለም። በጎፋ ኮንዶሚኒየም በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ጎረቤታቸውን አልመረጡም፤ አንዱን ዕጣ አመጣው፥ ሌላውን ኪራይ። ቋንቋቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ጾማቸውና በዓላቸውም እንዲሁ። ውኃው ሲቋረጥ ግን በሁሉም ላይ ይቋረጣል፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ የሚተከለው በአንድ ግቢ ነው።

እንዲህ ያለውን ሕዝብ የሚያስተዳድረው ክፍል በምን ሚዛን ይሰጣል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፥ በዘር፥ በብሔር፥ በቀለም፥ በጾታ፥ በቋንቋ፥ በሃይማኖትና በመሳሰለው ልዩነት ሊደረግባቸው እንደማይገባ ይደነግጋል። በሥራ ላይ ስንመለከት ግን የከተማው አሰጣጥ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሁሉ የሚሰጥ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች የሚያቀርበው ምግብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ማዕድ የማን ልጅ ነህ ተብሎ የሚጠየቅ ሕፃን የለም። ሁለተኛው በችግር መጠን የሚሰጥ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት የሚችሉትን ድሆች በጽዳትና በመሳሰለው ሥራ አሰማርቶ ይከፍላል፥ መሥራት የማይችሉትን ደግሞ በቀጥታ ይረዳል። ሦስተኛው በዕጣ የሚሰጥ ነው፤ ይኸውም የኮንዶሚኒየም ቤት ነው። በዕጣውም ከመቶ 30 ለሴቶች፥ 20 ለመንግሥት ሠራተኞች፥ 5 ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ እንዲቀመጥ ተወስኗል።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ተቃውሞ ያነሣል። «ለሴት ወይም ለአካል ጉዳተኛ ድርሻ መለየት ራሱ ማድላት አይደለምን? ዛሬ እንዲህ ከተባለ ነገ ለዚህ ወገንና ለዚያ ወገን ድርሻ መለየት አይከተልምን?» ይላል። ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ለዳኛ የተሰጠው ትእዛዝ ባለጠጋውን ማክበር ብቻ ሳይሆን ለድሃው ማድላትንም ይከለክላል። ፍትሐ ነገሥትም ዳኛ ፊት አይቶ እንዳይፈርድ ያዝዛል። እንግዲህ ሕጉ ለድሃ እንኳ አታድላ ካለ፥ ለተጎዳ መለየት እንዴት ይፈቀዳል?

መልሱ ሁለት ነገሮችን በመለየት ይገኛል፤ እነርሱም ፍርድና ማዕድ ናቸው። በፍርድ ወንበር ፊት ጥያቄው «እውነቱ የማን ነው?» የሚል ነው። ድህነት ሐሰትን እውነት አያደርግም፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ የድሃ ፊትም ቢሆን ሊታይ አይገባም። በማዕድ ላይ ግን ጥያቄው «የጎደለው ማን ነው?» የሚል ነው። አንዱ የጠገበ፥ ሌላው የተራበ ሆኖ ሳለ ለሁለቱ እኩል እንጀራ የሚቈርስ ሰው በእንጀራው እንጂ በሰዎቹ መካከል እኩልነትን አላደረገም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4 የምናገኘው የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ሥርዓትም ለእያንዳንዱ በሚያስፈልገው መጠን ማካፈል ነበር። ስለዚህ በፍርድ ፊትን አለማየት፥ በማዕድም ችግርን ማየት የአንዲት ጽድቅ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ጥፋቱ የሚመጣው ሹሙ ሁለቱን ሲያለዋውጥ፥ በፍርድ ለወዳጁ ሲራራ፥ በማዕድም ለችግረኛው ሲጨክን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንሂድ። ችግሩ ራሱ በትውልድ ምክንያት የመጣ እንደ ሆነ ምን ይደረግ? በዚያው በሐዋርያት ሥራ፥ በምዕራፍ 6 የተጻፈው ታሪክ ለዚህ የቀረበ ነው። በኢየሩሳሌም በየዕለቱ ለመበለቶች ምግብ በሚታደልበት ጊዜ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉ አጉረመረሙ። በሃይማኖት አንድ በሆነ ማኅበር ውስጥ እንኳ የእንጀራው መሶብ በቋንቋ ወሰን ላይ ቆሞ ተገኘ ማለት ነው።

የሐዋርያት አሠራር ሊታሰብበት ይገባል። አቤቱታ ያቀረቡትን «ሁላችን አንድ ነን፤ ስለምን የወገን ነገር ታነሣላችሁ?» ብለው አልገሠጹም። «አንድ ነን» የሚለው ቃል እውነት ሲሆን፥ የተራበችን መበለት ዝም ለማሰኘት ከተነገረ ሐሰት ይሆናል። ደግሞም ማዕዱን ለሁለት ከፍለው «የእናንተን እናንተ፥ የእኛን እኛ» አላሉም። ይልቁንም ማኅበሩ ሁሉ መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፥ ፊልጶስ፥ ጵሮኮሮስ፥ ኒቃሮና፥ ጢሞና፥ ጳርሜናና የአንጾኪያው ኒቆላዎስ ናቸው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። እንግዲህ ማኅበሩ የመሶቡን ቍልፍ አቤቱታ ላቀረበው ወገን ቅርብ ለሆኑ ሰዎች አደራ ሰጠ፤ እነርሱም ያገለገሉት ለሁሉ ነው። ማዕዱ አንድ ሆኖ ቀረ፥ የተረሳችውም መበለት ታሰበች።

ይህ ታሪክ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ሸክላ ሠሪው፥ ፋቂው፥ ቀጥቃጩና ሸማኔው በእጁ ሥራ እየተጠቀሙበት በትውልዱ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ንቀቱ በአንድ አዋጅ አልጠፋም። አዋጅ አንደበትን ይከለክላል፤ ልብን ግን የሚያስተካክለው በአንድ ማዕድ መቀመጥና በአንድ ጉባኤ መምከር ነው።

ነገር ግን በደልን ለማወቅ ትውልድን መመዝገብ ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፥ መዝገብ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ መሆኑን ያስታውስ። በአዲስ አበባ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚጻፍበት ጊዜ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በጦርነቱ ጊዜ፥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን በከተማይቱ ብዙ ሰዎች ታሰሩ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እስሩ የብሔር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በዚያው ጊዜ አስታውቋል። ለማዕድ ይረዳል ተብሎ የተጻፈ ስም ለወህኒ ቤት መጥሪያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ብሔርን የማይጠይቅ መሆኑ ስለዚህ መልካም ነው። የኢየሩሳሌም ማኅበርም መበለቶቹ የተዘነጉ መሆናቸውን ያወቀው የተበደሉት ሲናገሩ በማድመጡ ነው። የተዘጋ ጆሮ ያለው መሥሪያ ቤት ሺህ መዝገብ ቢኖረው በደልን አያይም፤ የተከፈተ ጆሮ ያለው ግን ያለ መዝገብ ያያል። ከሩቅ አገር መጥታ አማርኛ የማትችል እናት በወረዳው መስኮት ፊት ስትቆም የምትፈልገው ትውልዷ እንዲጻፍላት አይደለም፤ ቃሏን የሚተረጕምላትና ተራዋን የሚጠብቅላት ሰው ነው።

ዕጣም ቢሆን ያለ ታማኝ ሰው ከአድልዎ አያድንም። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም. ከ25,000 በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ ዕጣው ተሰረዘ፤ ምክንያቱም ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም በመዝገቡ ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ ነው። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ዓመታት ሙሉ ከእንጀራዋ ቀንሳ ስትቈጥብ ለኖረች እናት ይህ የአራት ወር መዘግየት ብቻ አይደለም፤ «መቼም እውነት የለም» ወደሚል ተስፋ መቍረጥ የሚጥል ፈተና ነው። ዕጣ ዓይን የለውም፤ ስለዚህ አያደላም። ነገር ግን ስሞቹን ወደ ዕጣው የሚያስገባው እጅ ዓይን አለው። ዳኝነቱ የሚፈተነው ዕጣው በሚወጣበት አዳራሽ ሳይሆን፥ አስቀድሞ ማንም በማያይበት ክፍል መዝገቡ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይህን ሁሉ ስንናገር ጣታችንን ወደ ሹማምንት ብቻ እንዳንቀስር እንጠንቀቅ። ድጋፍ የሚገባቸውን ድሆች ለመለየት በየሰፈሩ የሚቀመጡት ኮሚቴዎች የነዋሪዎች ናቸው። በዕድር ገንዘብ ያዡ፥ በደብሩ አስተዳዳሪው፥ በሰበካ ጉባኤው ጸሐፊው ሁሉ በየፊናው የመሶብ ቍልፍ ይዟል። ከእኛ መካከል የችግረኞችን ስም ሲጽፍ የአገሩን ሰው ስም አስቀድሞ ያልጻፈ፥ ቋንቋውን የማያውቀውን ሰው «ነገ ተመለስ» ብሎ ያላሰናበተ ማን ነው? በትንሹ መሶብ ያልታመነ በትልቁ ሊታመን አይችልም፤ ሹሙም ከእኛው መካከል የወጣ ነው።

እንግዲህ በዚህ ነገር የምንይዘው ሚዛን ይህ ይሁን። በፍርድ የማንንም ፊት አንይ፤ በማዕድ የሁሉንም ጕድለት እንይ። ወገኔ ተረሳ የሚል ሰው ሲመጣ ከመገሠጻችን አስቀድመን መሶቡን እንመርምር፤ ተረስቶም ከሆነ መሶቡን ሳንከፍል ቍልፉን ከእርሱ ጋር እንካፈል። በጎፋ በአንድ ደረጃ የሚወጡት ጎረቤቶች ዕጣና ኪራይ ያገናኛቸው ናቸው፤ አብረው ለመኖር የሚያበቃቸው ግን በየቀኑ የሚደረግ ቅን አሠራር ነው። ቸሩ አምላክ ለሚያድሉት ቅን ልብን፥ ለሚቀበሉትም ትዕግሥትን ይስጥልን።