ይጠገን ወይስ ይቅር?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ በኑሮአችን ከሚገጥሙን ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ሲያዩአቸው የገበያ ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ቀርቦ ለመረመራቸው ግን የኅሊና ጥያቄዎች ሆነው ይገኛሉ። የተሰበረ ዕቃ ይጠገን ወይስ ይቅር የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። እኔም ይህን የተረዳሁት 38 ዓመት ካስተማርሁበት ክፍል ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት በቤቴ በረንዳ ላይ ተጋድሞ ከነበረ አንድ ሞተር ብስክሌት ነው።

የሞተር ብስክሌቱ ባለቤት የእህቴ ልጅ ነው። በፎገራ ሜዳ፣ በወረታ ከተማ ዙሪያ፣ ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ውሃ የሚስቡባቸውን ፓምፖች እየዞረ ይጠግናል፤ እንጀራው ይኸው ነው። ብስክሌቱን በ130 ሺህ ብር የገዛው ከዕቁብ ባወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ የጎደለውን 40 ሺህ ብር ያበደርሁት እኔ ነበርሁ። ይህን የብድር ነገር አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ። አንድ ቀን ለዓይን ሲይዝ ከሥራ ሲመለስ መብራት ከሌለው የፈረስ ጋሪ ጀርባ ጋር ተላተመ። እርሱ የትከሻ አጥንቱ ተሰብሮ በሕይወት ተረፈ፤ ባለጋሪውና ፈረሱም ደኅና ሆኑ። ብስክሌቱ ግን የፊት ጎማው ወደ ኋላ ገብቶ፣ ጎማውን የሚይዘው ፎርቼላ ታጥፎ፣ ማኑብርዮው ተጣሞ፣ ያውም በዚያው በገጨው ጋሪ ተጭኖ መጣ።

የሰፈራችን መካኒክ ተጠርቶ ተመለከተው። ሞተሩ ጤነኛ ነበር፤ ሲመታ ይነሣል። የታጠፈውን ፎርቼላ ፈትቶ ከሌላ ሰው የተዋሰውን ደኅና ፎርቼላ ገጠመበት፤ ቀጥሎም በኋላው ጎማ ጎን ሲባጎ አስይዞ እስከ ፊተኛው ድረስ ወጠረው። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር ሊቆሙ ሲገባቸው፣ ፊተኛው ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሎ ተገኘ። እንግዲህ የተጣመመው ፎርቼላው ብቻ ሳይሆን ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ማለት ቴላዮው፣ ነበር። ማኑብርዮው ከሚተከልበት አንገት ሥር ቀለሙን በቢላዋ ቢፍቀው ደግሞ እንደ ጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ።

«በእሳት አሙቄ አቀናዋለሁ፤ ስንጥቁንም እበይደዋለሁ» አለ። «በ45 ሺህ ብር አዲስ አስመስዬ አወጣዋለሁ። ባሕር ዳር ወስዳችሁ 110 ሺህ ብትሉበት ይሸጣል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ማን ያያል?»

የእህቴ ልጅም ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ 130 ሺህ ብር ያፈሰስሁበትን ዕቃ እንዴት እጥለዋለሁ?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «መልካም ነው፤ ይጠገንና ይሸጥ» አልሁ።

የእህቴ ልጅ አነጋገር እውነት ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ነው። 130 ሺው ብር የወጣው ብስክሌቱ በተገዛበት ቀን ነው፤ ብንጠግነውም ብንተወውም አይመለስም። ልንመክርበት የሚገባን ገና ከእጃችን ያልወጣው 45 ሺህ ብር ነበር። የማይሆነውን ትምህርት ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ «ሁለት ዓመቴን እንዴት ልጣል» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምርበታል። በመሬት ክርክር የተሸነፈ ሰውም ለጠበቃ የከፈለው ስለሚቆጨው ብቻ በሬውን ሸጦ ይግባኝ ይላል። የጠፋውን ለማዳን ሲሉ ያልጠፋውን መከተል፤ ይህ የሁላችን በሽታ ነው።

ይህን ስል ግን መጣልን ማመስገኔ አይደለም። እኛ እየጠገንን የምንኖር ሕዝብ ነን። በአዲስ አበባ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የሄደ ሰው አሮጌ በርሜል ምድጃ ሲሆን ያያል፤ የመኪና ጎማም በረባሶ ሆኖ ስንቱን እግር አገልግሏል። የተሰበረውን ሁሉ ጣሉ የሚል መካሪ ብዙ ጊዜ ኪሱ የሞላ ሰው ነው። የታጠፈ ፎርቼላ ይለወጣል፤ የተሰበረ መብራት ይተካል፤ የተጨረመተ ሰልባትዮ ተቀጥቅጦ ይወጣል። ቴላዮ ግን ሌላ ነው። ልጆች ሽቦ ለመቁረጥ ሲፈልጉ ወዲያና ወዲህ የሚያጣጥፉት ለምን ይመስላችኋል? ታጥፎ የተቃና ብረት እንደ ቀድሞው አይደለም። ያ አንገት ደግሞ ነጂው ፍሬን ሲይዝ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማቃኛ መሣሪያ ባለበት፣ ባለሙያ እየለካ ቢሠራው ምናልባት ይሆን ይሆናል፤ የእኛ መካኒክ የነበረው ግን እሳት፣ መዶሻና የገዛ ዓይኑ ነው።

በዚህ ነገር የጥንት ሊቃውንት ክርክር ትዝ ይለኛል። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለማቆየት የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበርና፣ ፈላስፎች ያው መርከብ ነው፣ የለም ሌላ ነው እያሉ ይከራከሩበት ነበር። የእኛ ብስክሌት ለዚህ ቀላል መልስ ነበረው። በመዝገብ የሚታወቅበት ቁጥር የተቀረጸው በዚያው በተሰነጠቀው አንገት ላይ ነበርና፣ ጎማና መብራት ቢለወጥ ያው ነው፤ አንገቱ ከሄደ ግን የቀረው መለዋወጫ ነው።

በእንግሊዝ አገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለእኛ ባልተተወ ነበር። የዚያ አገር መድን ሰጪዎች ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ክፉኛ የተጎዳውን ተሽከርካሪ በአራት ፊደል ይለያሉ፤ «ኤ» የተባለው ሁለንተናው ይደቅቃል፤ «ቢ» የተባለው አካሉ ይደቅቃል፣ መለዋወጫው ግን ይወሰዳል፤ «ኤስ» አጥንቱ ተጎድቷል፣ ሊጠገን ግን ይችላል፤ «ኤን» አጥንቱ አልተነካም ማለት ነው። «ኤስ» የተባለው ተጠግኖ ወደ መንገድ ቢመለስ እንኳ ምልክቱ በመዝገቡ ላይ ይኖራል። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው መድን የሦስተኛ ወገንን ጉዳት የሚመለከት ነው፤ ስለዚህ ሌላ መድን ያልገባ ሰው የገዛ ንብረቱ ሲሰበር ገማች አይመጣለትም። ፈራጆቹ በረንዳ ላይ የተቀመጥነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሦስታችንም ከጥገናው የምናገኘው ጥቅም ነበረን። መካኒኩ የእጁን ዋጋ፣ የእህቴ ልጅ ገንዘቡን፣ እኔም ብድሬን።

ጉዳዩን የለወጠችው የእህቴ ልጅ ሚስት ናት። ቡና ይዛ መጥታ ስትሰማ ቆየችና መካኒኩን «ተጠግኖ ሲያልቅ ልጄን ታቅፌ ከኋላ ልቀመጥበት?» ብላ ጠየቀችው። መካኒኩ አልመለሰላትም፤ ሲባጎውን ይጠቀልል ጀመር።

«ታዲያ እኔ የማልቀመጥበትን ለማን ነው የምትሸጡት?» አለች።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህራችን፣ የወንበር ስንጥቅ በሰም ሞልቶ ያመጣ ልጅ ሲያገኙ አይቆጡትም፤ አይገርፉትም። በክፍሉ ፊት በዚያው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ብቻ ያዝዙት ነበር። የዚያች ሴት ጥያቄ ያን ወንበር አስታወሰኝ፤ ከወንበሩም የባሰ ነገር አስታወሰኝ። በ1979 ዓ.ም. ወጣት መምህር ሳለሁ ተራ ብስክሌት ነበረኝ። ፎርቼላው ተሰብሮ አስበየድሁት፤ ብየዳውንም ጥቁር ቀለም ቀብቼ ለአንድ ባልደረባዬ ሸጥሁለት። ሁለት ወር ሳይሞላው ቁልቁለት ላይ ተሰብሮበት ወደቀና ሁለት የፊት ጥርሱን አጣ። እርሱ ዕድሉን ረገመ እንጂ እኔን አልጠረጠረም። እኔም ብርቱካን ይዤ ሄጄ ጠየቅሁት፤ አይዞህ አልሁት።

እንግዲህ በረንዳው ላይ «ይጠገንና ይሸጥ» ያልሁት ስለ ብስክሌቱ አስቤ አልነበረም፤ ስለ 40 ሺህ ብሬ ነው።

እውነቱን ተናግሮ መሸጥስ አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ጉድለቱን ገልጦ የሸጠ ሰው ቢያንስ አልዋሸም። የእህቴ ልጅ እስከ ዛሬ በዚህ ሐሳብ ይጸናል፤ ከተነገረው በኋላ የገዛ ሰው ዐውቆ ገብቶበታል ባይ ነው። እኔ ግን አልተስማማሁም። ስንጥቁን እያየ የሚገዛው ሰው ደኅናውን የሚገዛበት ገንዘብ ያጣ ነው፤ እርሱም በፈንታው ሲሸጥ ለሦስተኛው ሰው ይንገር አይንገር እኔ ምን ዋስትና አለኝ? ቃሌ ከብስክሌቱ ጋር አብሮ አይሸጥም። በዚህ ክርክር ሁለት ሌሊት አመሸን።

በመጨረሻ ጎማዎቹ፣ ሰልባትዮውና መብራቱ ለየብቻ ተሸጡ። የተሰነጠቀውን አንገት የእህቴ ልጅ በብረት መጋዝ ቆረጠው፤ ትከሻው ገና ስላልዳነ ወዲያኛውን ጫፍ የያዝሁለት እኔ ነበርሁ። ብረቱ ጠንካራ ነውና ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሰሌዳውንም ለሰጠው ቢሮ መለሰ። ሞተሩ ገዢ አጥቶ እስከ ዛሬ በረንዳዬ ላይ በጆንያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጁ የሥራ ዕቃውን በተራ ብስክሌት ጭኖ ሩቅ ላሉት ገበሬዎች ሳይደርስ የሚቀርበት ቀን አለ፤ ገቢውም ቀንሷል። ከ40 ሺው ብር የመለሰልኝ እስካሁን 11 ሺህ ነው።

ያ ባልደረባዬም ጡረታ ወጥቶ ደብረ ታቦር ይኖራል። በየበዓሉ ስልክ ይደውልልኛል፤ ዘንድሮም ለፋሲካ ደውሎ የልጆቹን ደኅንነት ነገረኝ። እኔም ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁት።