የትራፊ ጨርቅ ምጽዋት

በሐረር ጀጎል መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ሳልፍ፥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቅዱስ ጳውሎስን ያሳስበኛል፤ እርሱም በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበርና። በአገራችን ግን የእጅ ሥራ ይናቅ ስለ ነበር፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ።

ሐዋርያው ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ፥ የሰረቀ ሰው በእጁ እንዲሠራ ያዘዘው ለእንጀራው ብቻ ብሎ አይደለም፤ ለችግረኛ የሚያካፍለው እንዲኖረው ነው። እንግዲህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንድ ክርስቲያን ልብስ ሰፊ ከደንበኛው ጨርቅ ክንድ ያህል ደብቆ፥ በመድኃኔ ዓለም ደጅ ለተቀመጠ ድኃ ቢሰጥ፥ መጽዋቹ ማን ነው? እኔ ደንበኛው ነው እላለሁ፤ ያውም ሳያውቅ፥ ሳይወድ። ድኃው በእርግጥ ለብሷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰፊው ትራፊውን ለባለቤቱ መልሶ፥ ማታ ከስፌት ዋጋው አንድ ብር ቢመጸውት፥ ከየት አመጣኸው የሚለው የለም።