ረጅሙ ጣውላ

በባሕር ማዕበል ላይ ቆሞ መንሸራተት የሚማር ሰው የመጀመሪያ ጣውላውን ሲመርጥ 9 ጫማ ገደማ የሚሆነው፣ ሰፊውና ወፍራሙ ይሻለዋል። በደንብ ይንሳፈፋል፤ ቶሎም አይገለበጥ። የጀማሪው ዓይን ግን ሻምፒዮኖቹ በሚይዙት 6 ጫማ ላይ ነው። ለምን? ረጅሙን ከያዘ «ጀማሪ» ይሉታላ! (እኛስ ያላነበብነውን ወፍራም መጽሐፍ በብብታችን ሸጉጠን ግቢውን እንዞር የለ?) በቃል ማንንም አላታለለም፤ ቢሆንም ውሸት ነው እንላለን። ያልሆኑትን መስሎ መታየት በዕቃም ይሆናል።

ደግሞ የሚገርመው፣ በጥንቷ ሐዋይ «ኦሎ» የተባለው 15 ጫማ የሚያህል ጣውላ የመሳፍንቱ ነበር፤ ተራው ሕዝብ የሚጋልበው አጠር ያለውን «አላያ» ነው። ታዲያ የዛሬው ጀማሪ የሚያፍረው ከጣውላው ርዝመት ነው ወይስ ከሰው ዓይን? ማዕበሉ ሲመጣ ባለ አጭሩ ገና በሆዱ ተኝቶ በእጁ ይቀዝፋል፤ ባለ ረጅሙ ቆሟል።