ለዛሬ ብቻ የታሰረ አጣና

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሙያ ጤንነትና ደኅንነት ተምረሽ፣ እዚሁ አራዳ ለሚሠራው ፎቅ «ሴፍቲ» ሆነሽ መቀጠርሽን አባትሽ ሲነግረኝ ልቤ ሞላ። ያ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒቴሪያን እያስተማረ ወደ ገጠር ያወጣ ነበር። ሥራቸው ሰው ታሞ እስኪመጣ መጠበቅ ሳይሆን በሽታውን ከምንጩ ማድረቅ ነበር። ያንቺም ሙያ የዚያው ዘር ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን ደመወዝ ተቆርጦልሽ ልትሠሪው ነው።

የተማርሽውን መልሼ አላስተምርሽም። ግን ከድንጋይና ከአጣና ጋር ያረጀሁ ግንበኛ ነኝና ያየሁትን ልንገርሽ።

ነገ ወደ ሥራ ስትሄጂ የፋሲልን ግንብ ቀና ብለሽ እዪው። ዘመን ቆጥሮ፣ ንጉሥ ሸኝቶ ቆሟል። ድንጋዩን በኖራ እያያዙ ያቆሙት ሰዎች የቆሙበት እንጨት ግን ያኔውኑ ፈርሶ ሄዷል። ሰው የሚያየው የሚቀረውን ነው፤ ግንበኛ ነፍሱን የሚያሳድረው ግን በሚፈርሰው ላይ ነው። ባለቤቱ ለግድግዳው ሲሚንቶ ሲቆጥር ይውላል፤ ለመወጣጫው አጣና ሲጠየቅ «ለጊዜው አይደል እንዴ፣ ባለው ይሁን» ይላል። ልጄ፣ በሥራ ቦታ ሰው የሚገድለው ይኸ «ለጊዜው» የሚሉት ቃል ነው።

ጎልማሳ ሳለሁ እዚሁ አራዳ አንድ ቤት ስንለስን ሥራው ሊያልቅ አንድ ቀን ቀረው። በማዕዘኑ በኩል የአንዱ አጣና ማሰሪያ ላልቶ አየሁት። የታሰረው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነበር። እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይከሳል፤ ሲከሳ ገመዱ ይላላል፣ ምስማሩም ይለቃል። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ «ነገ ይፈርስ የለ፣ ዛሬን ይችላል» ብዬ አለፍሁት። ከቀትር በኋላ ባልዲ ይዞ የወጣ ጓደኛዬ ከነርብራቡ ወረደ። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን ዳግመኛ አልቀናም። ልጆቹን ሚስቱ ጠላ እየሸጠች አሳደገቻቸው። እኔ የጮኽሁት ከወደቀ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ያ ማሰሪያ ፊቴ ይመጣል።

የእኔ የአንድ ሰው ሐዘን ነው። የከተማችንን ሐዘን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ገና አርባ ቀን ገደማው፣ በፋሲል መዋኛ ለበዓሉ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ሰው እንደሞላበት ተደረመሰ። 10 ያህል ሰው ሞተ፤ ከመቶ በላይ ቆሰለ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ላይ፣ በማርያም ዕለት፣ በግንባታ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመው የእንጨት መወጣጫ ወርዶ ከ30 በላይ ምእመናን አለቁ። ሁለቱም እንጨቶች ከበዓሉና ከሥራው በኋላ ሊነሡ የቆሙ ነበሩ። ለበረከት የወጣ ሰው የእንጨቱን አቅም ሊያውቅ አይችልም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ለእርሱ አይነገርም፤ ገደሉን አይቶ ማጠር የባለሙያ ዕዳ ነው። የአንቺ ዕዳ ነው ማለቴ ነው።

ስለዚህ መወጣጫን ስታዪ ከእግሩ ጀምሪ። አጣናው ጭቃ ላይ ቆሞ እንደሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይግባለት፤ ድንጋይና ብሎኬት ደርድረው አያቁሙት። ከግድግዳው ጋር በየቦታው ይታሰር። ርብራቡ ክፍተት አይኑረው። በጠርዙ ሰው ወገቡን የሚያስደግፍበት አግድም እንጨት፣ ከሥሩም መዶሻና ድንጋይ እንዳይንሸራተት ማገጃ ይሁን። መሰላል አራት ክንድ ሽቅብ ሲወጣ ግርጌው ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ፤ አናቱ ይታሰር። ጠዋት ጠዋት፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ማሰሪያውን በእጅሽ ነክተሽ እዪ። ዓይን ይሸነገላል፣ እጅ ግን አይዋሽም።

መሠረት ሲቆፈርም እንዲሁ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 15 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ በሰው ደረት ላይ ሲወርድ ለጸሎት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። የዋልካ መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ይንሸራተታልና ግድግዳው ሳይደገፍ ማንም አይግባ፤ የወጣውም አፈር ከአፋፉ ይራቅ። ጉድጓድ ውስጥ ጄኔሬተር አስነሥተው ውኃ ሊስቡ ሲሉ ካየሽ ፈጥነሽ አስቁሚ። ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል። አንዱ ሲወድቅ «ወንድሜን» ብሎ የሚገባው ሁለተኛውም በዚያው ይቀራል።

ሄልሜቱና የደኅንነት ቀበቶው ይኑሩ፤ ከእነርሱ በፊት ግን አደጋውን ከቦታው አንሺ። ምድር ላይ ሊገጠም የሚችል ነገር ለምን ከፍታ ላይ ይገጠማል? ድንጋይ ጠራቢው ድንጋዩን አርሶ ቢጠርብ አቧራው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ድንጋይ አይሆንበትም። አደጋውን ትተሽ ራሱን ብቻ የምትሸፍኚለት ከሆነ «አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ» ነው።

ባለቤቱ «ወጪ አበዛሽብኝ» ማለቱ አይቀርም። በትሕትና ሕጉን አሳዪው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ ማስተማርን፣ የመከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠትን፣ አደጋ ሲደርስም መዝግቦ ማሳወቅን በአሠሪው ላይ ጥሏል። የተጎዳ ሠራተኛ ካልዳነ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያም ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። የጓደኛዬ ሚስት ይህን የነገራት አልነበረም። የቀን ሠራተኛው መብቱን ካንቺ አፍ ይስማ፤ ግዴታውንም እንዲሁ፤ መከለያ የሚያነሣ፣ የተሰጠውን የማያደርግ ሕጉ እርሱንም ይጠይቀዋል። ባለቤቱንም «ጥቅል ገመድና የአንድ ሰው ወገብ፣ የቱ ይረክሳል?» ብለሽ ጠይቂው።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለን አድገናል። ለጎረቤት ነገር ደግ ተረት ነው፤ ለሥራ ቦታ ግን አልመክርሽም፤ እኔ ዝም በማለቴ ሰው ወድቋል። የላላ ማሰሪያ አይቶ የነገረሽን ሰው በጓደኞቹ ፊት አመስግኚው። ጡብ ወድቆ ለጥቂት ማንንም ሳይነካ ከቀረ «ተመስገን» ብለሽ ከመዝገብሽ አስፍሪው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ አንቺ ተምረሻል፤ አንጸባራቂውን ሰደርያ ስትለብሺ ግን ሽማግሌው አናጢ አክብሮ ካላየሽ ቃልሽ ከመወጣጫው በታች ይቀራል። በምሳ ሰዓት አብረሻቸው ብዪ። ቋጠሮ እንዴት እንደሚቋጠር ጠይቂያቸው፤ እነርሱ የሚያውቁት አንቺ የማታውቂው ብዙ አለ። ቀጥለሽ አንቺ የምታውቂውን ንገሪያቸው። ያኔ «ውረዱ» ስትያቸው ይወርዳሉ።

ማንም ሳይወጣ፣ ማለዳ፣ አንቺ መጀመሪያ ርብራቡን ርገጪው። «ለዛሬ ብቻ ነው» የሚልሽ ካለ «ዛሬ የሚወጣበትም ሰው ልጆች አሉት» በዪው።

ያሰርሽው ይጥበቅ፤ ቃልሽ ይሰማ። የላላውን ከማታ በፊት ዓይንሽ ይየው። በጠዋት የወጣውን ሁሉ እግዜር በማታ በገዛ እግሩ ያውርድልሽ፣ ልጄ።